ሊጡንስ ማን ያቡካው

ለምወድሽ፣ በዚህ ሰሞን ግን መውደዱ ትንሽ ለከበደኝ ለታናሽ እህቴ ለፋውስቲና፤ ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ ሊዮን ከተማ።

እንደምን ከርመሻል እቴ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር ደረትሽን የሚይዝሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ልጅሽ ኦሬታስ? ጥርሷን መቀየር ጀመረች ወይስ ገና ናት? ሐዘኑስ እንዴት አድርጎሻል? ባልሽ ጉይዶ ነፍሱን ይማረውና ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዕድሜ ልኩን ሐር ሲያገላብጥ ኖሮ በተራ በፍታ ተገነዘ ብለሽ ስትጽፊልኝ አልቅሻለሁ። እኔ አምላክ ይክበር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በቀር፣ ከጥርሴ በቀር፣ ቆይቼ ከምነግርሽ ከአንድ ነገር በቀር ጤነኛ ነኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው። አማቴም እንዳሉ ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ ምን ይነካቸዋል፣ ሞትም ምላሳቸውን ፈርቶ በሌላ መንገድ ነው የሚያልፈው።

ደብዳቤሽ በሱፍ ነጋዴዎቹ እጅ የደረሰኝ በገና ማግስት ነው። የጉይዶ ወንድሞች ወይ እኛ የመረጥንልሽን ሰው አግቢ፣ ወይ ቤቱን ልቀቂ እንዳሉሽ አነበብኩ። «እናንተ ጋ ለእኔና ለልጄ አንዲት ክፍል ትገኝ ይሆን?» ያልሽውንም አነበብኩ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ንቄሽ እንዳይመስልሽ፣ ሰንፌም አይደለም። መልሱ በዚሁ ደብዳቤ ውስጥ አለ። አደራሽን ግን ዘለሽ መጨረሻውን አታንብቢ፤ የማር ዳቦ ሲቀርብልሽ ለውዙን ለቅመሽ ሌላውን ለእኔ የምትተዪ ልጅ እንደነበርሽ አልረሳሁም። ነገሩን በተራው ስሚኝ፣ ከዚያ መልሴን ታገኛለሽ።

ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፤ ቀንቻለሁ። የቀናሁትም ባንቺ ነው። በሊዮን ተቀምጠሽ፣ ጥቁር ለብሰሽ፣ ምንም ሳታደርጊኝ አንጀቴን ቅጥል አድርገሽዋል። እንዴት ብትዪ ይኸውልሽ።

ባሌ አስካኒዮ ቀን ቀን የሰው ውል እንደሚጽፍ ታውቂያለሽ። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ «እንቅልፋሞቹ» ብለው ራሳቸውን ከሚጠሩት ሊቃውንት ጋር ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ አባል የሆነ ሁሉ የሚያዋርድ ስም ይወጣለታል፣ መኩራት እንዳይመጣ ነው ይላሉ። የሱ ስም «ዘገምተኛው» ነው። አማቴ ይህን ሲሰሙ፣ «ለዚህ ማኅበር ምን አስፈለገ? እኔን ቢጠይቁኝ በነጻ እነግራቸው ነበር» አሉ። እንግዲህ ዘንድሮ ለቅበላ የሚታየውን አስቂኝ ተውኔት የመጻፉ ዕጣ ለዘገምተኛው ወጣ። ከመከር ጀምሮ ከሥራ ሲመለስ ሾርባውን ቆሞ ይጨልጥና ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ወዲያው ከውስጥ ሳቅ እሰማለሁ። ብቻውን እኮ ነው! ካ ካ ካ ብሎ ይስቅና ዝም ይላል፣ ብዕሩ ሲጭር ይሰማኛል፣ ደግሞ ይስቃል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቤት ውስጥ ሳቅ ሲሰማ ማን ይጠላል። ሲውል ሲያድር ግን፣ ማናት እዚያ ውስጥ ባሌን እንዲህ የምታስቀው ማለት ጀመርኩ። እኔ እንዲያ አስቄው አላውቅማ።

ማኅበሩ ደግሞ ሁለት ተከፍሎ ይጨቃጨቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ በላቲን ካልተጻፈ ውርደት ነው አሉ። አስካኒዮ ማዕድ ላይ ተቀምጦ እጁን እያወናጨፈ፣ «የጥንቶቹ ሮማውያን የሳቁት በእናታቸው ቋንቋ ነው፤ እኛስ በእናታችን ቋንቋ ብንስቅ ምናለበት? ሰው ሲስቅ እኮ ራሱን ያያል፣ ያየ ደግሞ ይታረማል። ስብከት ያላቀናውን ሳቅ ያቀናዋል» ይላል። አማቴ ዳቧቸውን እየቆረሱ፣ «በላቲን የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ቄሳችንም ሲያስቃቸው በኛው ነው የሚስቁት» ብለው ገላገሉን። አስካኒዮ ይህንኑ ብሎ ማኅበሩን እንደረታ በኋላ ሰምቻለሁ፤ የእናቱ ቃል መሆኑን ግን አልነገራቸውም። ይህን ልብ በይልኝ።

ታሪኩን ያወራኝ ለገና ሰሞን ነው። ድሩዚላ የምትባል ልጅ አለች። አባቷ ለአንድ ሀብታም ሽማግሌ ሐኪም ሊድራት ነው። ልጅቷ ይህን በሰማች ዕለት፣ በድንጋጤ ጆሮዬ ደነቆረ፣ አንደበቴም ተዘጋ ብላ በምልክት ታስታውቃለች። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ፣ አትሰማም ብሎ ሆዱን በፊቷ ይዘረግፋል። አባቷ በሠርጉ የሚያተርፈውን ያሰላል። ሐኪሙ የቀበራቸውን ሚስቶች ያማል። የሚያስተምራት መምህር ደግሞ ከወንድ ጎን የተፈጠረች ሴት በዝምታ ታጌጣለች እያለ ጥቅስ ይደረድራል፣ ሰው ዘወር ሲል የፍቅር ግጥሙን እሷው ላይ ይለማመዳል። እሷ እስከ መጨረሻው ትንፍሽ አትልም። ዝም አይነቅዝም አይደል። በመጨረሻ አፏን ስትከፍት ነው ጉዱ የሚፈላው። «ምን ትላለች?» አልኩት። «እሱን ያን ቀን ትሰሚዋለሽ» ብሎ እንደ ልጅ ፈገግ አለ። ፈገግታው አልጣመኝም።

ከጥምቀት በኋላ፣ ለተጫዋቾቹ ልብስ የሚለመንበት ሰሞን ደረሰ። ታውቂው የለም፤ የከተማው ወይዛዝርት ቀሚሳቸውን፣ ዶቃቸውን፣ ነጠላ ጫማቸውን ሳይቀር ያውሳሉ፣ ማን የማንን ለበሰ እየተባለም ዓመቱን ሙሉ ይወራል። እኔም እንደ ሚስትነቴ የሠርግ ቀሚሴን አውጥቼ አናፈስኩት፣ ጠርዙንም ሰፋሁት። ባሌ በጻፈው ተውኔት ዋናዋ ሴት የኔን ቀሚስ ካልለበሰች የማንን ልትለብስ ነው? አስካኒዮ አየው፣ አመሰገነና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኤርሲሊያ፣ ያ ፋውስቲና ትታው የሄደችው አረንጓዴ ቀሚስ ከሣጥኑ ውስጥ አለ አይደል?» ያንቺው ቀሚስ ትከሻው ሰፋ ያለ ነው አለኝ። ሰፋ ያለ! አንቺ በዚያን ጊዜ እንደ ሸምበቆ ነበርሽ። አውጥቼ ሰጠሁት። የላቬንደር አበባ ሽታው አልለቀቀውም ነበር።

ድሩዚላ የሆነው የማኅበሩ አባል የሆነ ቺንዚዮ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ሴት መድረክ ላይ አትወጣማ። ቺንዚዮ ጢሙን ተላጭቶ፣ ቀሚስሽን ለብሶ፣ ሳሎናችን ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል አማቴ በሳቅ ፍርፍር አሉ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ከዚያ አስካኒዮ ተነሣና እንዲህ አይደለም ይለው ጀመር። «አንገትህን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው። ገና ልትናገር ስትል ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ታችኛውን። እጇ ወገቧ ላይ አይደለም፣ ከኋላ ይያዛል። አዎ! እንደሱ!» ያን ጊዜ መሳቄን ተውኩ። ከኋላ እጇን አቆላልፋ፣ አንገቷን ወደ ግራ አዘንብላ፣ ከንፈሯን ነክሳ የቆመችው አንቺ ነሽ። የተላጨ ጎልማሳ አልነበረም፣ አንቺው ራስሽ ቤቴ መሐል ቆመሻል። አማቴም አይተው፣ «እንዴ፣ ይቺ እህትሽን አትመስልም?» አሉኝ። «አላስተዋልኩም እማማ» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። እዚያ ገብቼ ምን እንደሠራሁ አትጠይቂኝ። አንድ ሳህን ተሰብሯል።

የአስራ አንድ ዓመት ባሌ እኮ ነው፣ ፋውስቲና። ሸሚዙን ስተኩስ፣ ልጆቹን ስወልድለት፣ እናቱን ስችልለት የኖርኩት ሴት አንገቴን ወደየት እንደማዘነብል ያውቅ ይሆን? ያን ሰሞን በመስታወት ፊት ቆሜ ለማየት ሞከርኩ። ወደየትም አላዘነብልም። ቀጥ ብዬ ነው የምቆመው።

የቅበላው ሐሙስ ደረሰ። የጨርቅ ነጋዴው ትልቁ አዳራሽ እስከ አፍ ገደፉ ሞላ፤ እኛ ሴቶች እንደ ወጉ ከፊት ተቀመጥን። መግቢያውን የተናገረው ሰው ለኛ ለሴቶቹ እጅ ነሥቶ፣ «ይህ ጨዋታ የተጻፈው ለእናንተ ነው፤ አንዲት ጨዋ ሴት ባትኖር ባልተጻፈም ነበር» ሲል፣ ጎረቤቶቼ ሁሉ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉልኝ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ጉንጬ እንጨት ሆኖ። ጨዋታው ግን አስቂኝ ነበር፣ የሱን ከሱ አልቀማም። ሐኪሙ የሚስቶቹን ስም ሲያምታታ፣ መምህሩ በላቲን ሲያፈቅርና ሲያስነጥሰው ሕዝቡ ተንከባለለ። ከዚያ የመጨረሻው ክፍል መጣ። የቃል ኪዳኑ ማዕድ ተዘርግቶ፣ መምህሩ ተነሥቶ ስለ ሰው ክብር ይሰብካል። እግዚአብሔር ለእንስሳት ሁሉ ወሰን ሰጠ፣ ለሰው ብቻ ወሰን አልሰጠውም። ሰው በዘሩ አይታሰርም። ቢወድ ትል፣ ቢወድ መልአክ ይሆናል። እንግዶቹ ሁሉ ያጨበጭባሉ። ይሄኔ ድሩዚላ ከጥግ ብድግ አለች፣ አንገቷን አዘነበለች፣ ከንፈሯን ነከሰችና አፏን ከፈተች።

«ጌታው፣ ሰው ሲሉ እኛንም ይጨምራል? የሚጨምር ከሆነማ፣ እኔም ነገ ማለዳ መልአክ ልሁን ብዬ ብነሣ፣ ሊጡንስ ማን ያቡካው እንዳይሉኝ!»

መጀመሪያ የሳቀችው የቅመም ነጋዴው ሚስት ናት፤ ሳቅ አይባልም፣ እሪታ ነው። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ፣ ከዚያ ወንዶቹ። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ጀርባዬን እየደበደበች፣ «ሰማሽ? ኧረ ሰማሽ ወይ?» ትለኛለች። ሰምቻለሁ። ከዚያ አዳራሽ ሁሉ ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። እንዴት ልሳቅ፣ ፋውስቲና? ነገሩ የማን እንደሆነ አንቺና እኔ እናውቃለን። ታውቂያለሽ አይደል?

ምናልባት ከጊዜው ርዝመት ጠፍቶብሽ ከሆነ ላስታውስሽ። ያ ከፓዶቫ የመጣው የአባታችን እንግዳ፣ አፍንጫው ቀይ የሆነው፣ ለማታው ጨዋታ የሚያደርገውን ንግግር ከጓዳው ማዶ ባለው ክፍል እየጮኸ ሲያጠና ነበር። ሰው እንደወደደ ይሆናል እያለ። አንቺ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ እግርሽን ታወዛውዣለሽ፣ እኔ እስከ ክርኔ ሊጥ ውስጥ ነኝ። አንገቴን ሳላቀና፣ ለራሴ እንደማጉረምረም፣ «ሰው ሲል እኛንም ይጨምራል? መልአክ ልሁን ብዬ ብነሣ እኮ ሊጡንስ ማን ያቡካው ይሉኛል» አልኩ። አንቺ ከሳቅሽ ብዛት ከበርጩማው ወደቅሽ። ማታ እንግዶቹ ተሰበሰቡ። ጨዋታውን የሚመራው ሰው የእንጨቱን ጭልፋ እንደ ንጉሥ በትር ይዞ ሲዞር ሲዞር አንቺ ላይ አነጣጠረና፣ የፓዶቫውን ሊቅ ጥያቄ ጠይቂ፣ አለዚያ በጭልፋው እንድመታሽ መዳፍሽን ዘርጊ አለሽ። ብድግ አልሽ። እጅሽን ከኋላ አቆላለፍሽ፣ አንገትሽን አዘነበልሽ፣ ጠየቅሽው። ቤቱ ተናወጠ። አባታችን፣ «የማን ልጅ መሰለቻችሁ!» ብሎ ጉልበቱን መታ። መስኮቱ ሥር የተቀመጠ አንድ ወጣት ውል ጸሐፊ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ የወይን ማሰሮ ይዤ ከበሩ ቆሜ ነበር። አንቺ ወደ እኔ ዞር አላልሽም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ አልከፋኝም። እንዲያውም በአንቺ አፍ እንዴት አማረበት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ ብለው ኖሮ ድምፄ ይንቀጠቀጥና መጨረሻውን ውጬው እቀመጥ ነበር። በዓመቱ ውል ጸሐፊው ሽማግሌ ላከ፤ አባታችንም ታላቂቱ እያለች ታናሺቱ አትዳርም የሚል ሰው ነው። ማንን ብሎ እንደላከ ጠይቄው አላውቅም። አሁንም አልጠይቀውም።

በማግስቱ ጠዋት፣ አስካኒዮ በምስጋናው ሰክሮ ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ «ያቺ ልጅ ፋውስቲና ናት» አልኩት። ቀላ። «ድሩዚላ አንዲት ሴት አይደለችም፣ ሴት ሁሉ ናት፤ የሰው ልጅ ክብር ማለት ናት» አለኝ። «ሴት ሁሉ አንገቷን ወደ ግራ ታዘነብላለች እንዴ?» አልኩት። ያን ጊዜ ተቀመጠና ወደ መስኮቱ እያየ እንዲህ አለኝ። «እሺ፣ ልንገርሽ። ያን ቀን አባትሽ ቤት የሰማሁት ነገር ከጭንቅላቴ ወጥቶ አያውቅም። እስከዚያ ድረስ ስለ ሰው ክብር ያነበብኩት ሁሉ የወንዶች ወሬ ነበር። ሴት እንደኔው ሙሉ አእምሮ እንዳላት ያመንኩት በዚያች አንዲት ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ሁሉ ያን ቃል ለተናገረችው ሰው ነው።»

እህቴ፣ አስቢው እስቲ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚጽፍላትን ሰው በሊዮን ይፈልጋል። «እኔ ነኝ ያልኩት» አልኩት። «ጓዳ ውስጥ፣ ሊጥ እያቦካሁ። ፋውስቲና ከኔ ሰምታ ነው።»

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፀጉሬን ደባበሰና፣ «ኤርሲሊያዬ፣ ቅናት የሚያናግርሽን አልይዝብሽም። ያንቺ ስጦታ ሌላ ነው። ቤቱን ቀጥ አድርገሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ እሱ ያንሳል?» አለኝ። አየሽልኝ? ሰው በዘሩ አይመዘንም፣ የወደደውን ይሆናል ብሎ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ያስጨበጨበ ሰው፣ ሚስትህ አንድ ጥሩ ነገር ተናግራለች ቢባል አላመነም! የእናቱን ቃል ወስዶ ለማኅበሩ እንደራሱ መናገሩ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። እንቅልፋሞቹ መባላቸው ሲያንሳቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን ስነግርሽ ሳቂብኝ፣ ፈቅጃለሁ። ጾሙ እንደገባ፣ እኔም ተናጋሪ መሆኔን አሳየዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ከጠዋት ጀምሬ ሳስብ ውዬ ማዕድ ላይ፣ «ጾም ማለት ሽምብራ የሚነግሥበት ዘመን ነው፤ ደግነቱ መንግሥቱ በፋሲካ ይፈርሳል» አልኩ። ማንም አልሳቀም። አማቴ እጃቸውን ዘርግተው ግንባሬን ዳሰሱና፣ «ትኩሳት አለሽ እንዴ አንቺ ልጅ?» አሉኝ። አስካኒዮ፣ «ጨው አንሶታል» አለ፤ ሾርባውን ማለቱ ነው። በማግስቱ ስለ ጎረቤታችን አህያ አንድ ሞከርኩ። እሱን እንኳ አልጽፍልሽም። ዐውቄ ስል አይመጣልኝም፤ የሚመጣልኝ ማንም በማይሰማኝ ጊዜ፣ እጄ ሥራ ሲይዝ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሚሰማኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ደብዳቤሽን እስከ ትናንት ድረስ ለአስካኒዮ አላነበብኩለትም ነበር። ትናንት ነገርኩት። ገና «ክፍል ትገኝ ይሆን» እንዳልኩ፣ ሳልጨርስ፣ «ትምጣ እንጂ! ምን ጥያቄ አለው!» አለና ተነሥቶ መንጎራደድ ጀመረ። ከዚያ ምን ቢል ደግ ነው? «የኔን ክፍል ትውሰድ። እኔ ጓዳው ጥግ ሆኜ እጽፋለሁ።» ያን በሩን ሲዘጋብኝ የከረመውን ክፍል! እኔ አቧራ ልጠርግ ስገባ፣ ወረቀቴን እንዳትነኪ የሚባልበትን! ዓይኔ ደም ለበሰ። ዛሬ ጠዋት ብዕር ሳነሣ፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ አማቴም ታመዋል፣ ዘንድሮ አይሆንም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ማርያም ምስክሬ ናት።

ግን ነይ።

ነይ፣ ምክንያቱም ያንን አባት የተጫወተውን ሰው ትርፉን በጣቱ ሲቆጥር አይቼዋለሁ፣ የጉይዶ ወንድሞችም አሁን በአንቺ ያንኑ እየቆጠሩ ነው። ቀንቻለሁ እንጂ እህቴን ለባዕድ አሳልፌ አልሰጥም። ደግሞ ነይ፣ ሩቅ ያለሽውን አንቺን እኔ አልችልሽም። ሩቅ ያለች ሴት ጥርሷን አያማትም፣ አታኮርፍም፣ ሁልጊዜ ሃያ ዓመቷ ነው። ነይና ስታስይ ይስማሽ። ነይና ከአማቴ ጋር ስለ ወጥ ጨው ስትጨቃጨቂ ይይሽ። በሩብ ዓመት ውስጥ እንደ እኔው ሰው ትሆኛለሽ፣ ያን ጊዜ እኩል እንሆናለን። ናፍቀሽኛል ደግሞ፤ ይህን ሳልጽፍ ልጨርስ ነበር። የተራራው በረዶ ሲቀልጥ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከሱፍ ነጋዴዎቹ ጋር ውጪ። የሚሞቅ ብርድ ልብስ ያዢ። አረንጓዴውን ቀሚስ ግን አትጠይቂኝ፣ ቺንዚዮ ብብቱን ተርትሮታል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። በገባሽ ዕለት፣ የመንገዱን አቧራ ሳትታጠቢ፣ እሱ ባለበት፣ «ያን ነገር ያለችው ኤርሲሊያ ናት» በይልኝ። ሌላ ማስረጃ የለኝም። አንቺ ካልሽው ያምናል፤ አንቺን ያምንሻል፣ ይኸው ነው የሚያቃጥለኝም።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ምናልባት ረስተሽው ይሆን? ሰው በጭብጨባ የተናገረውን ነገር ከማን እንደሰማው አያስታውስም፤ አስካኒዮም የእናቱን ቃል የራሱ አድርጎት ዛሬ ከልቡ ይምልበታል። ረስተሽው ከሆነ ለኔ ብለሽ አትዋሺ፤ ዓይንሽን አውቀዋለሁ፣ ያስታውቅብሻል። ግን ረስተሽው ከሆነ፣ ያን ቃል እኔ እንዳልኩት የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ እኔ ብቻ ቀረሁ ማለት ነው፤ አንድ ቀን እኔም ተጠራጥሬ፣ እውነትም ቅናት ነው ያናገረኝ ማለቴ አይቀርም። እሱን ነው የምፈራው። ባንቺ መቅናቴ እንኳ ይህን ያህል አያስፈራኝም።

ኦሬታን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ ቁጡ ናት እንጂ ክፉ አይደለችም በያት። ካንቺ ጋር የሄደችውን ሞግዚታችንን ሞዴስታን እንዴት ነሽ በይልኝ፣ ጉልበቷን እሳት ዳር ሆና ታሽ። ልጄ ሊቪዮ ሰላም ብሎሻል፤ የፈረንሳይ አገር ቢላዋ አምጪልኝ ብሏል፣ እንዳታመጪለት። ቲታ እጅ ነሥታሻለች፤ የምትተኛው ከኦሬታ ጋር እንደሆነ ከአሁኑ ወስናለች። አማቴም ሰላም ብለውሻል፤ ማዕድ ላይ ራስጌው የሳቸው መሆኑን አስቀድመሽ እንድታውቂው ብለዋል።

አስካኒዮም ሰላም ብሎሻል። ሁለት ጊዜ ነው ያለኝ፤ እኔ አንዱን ብቻ ጽፌልሻለሁ።

ታላቅ እህትሽ ኤርሲሊያ

ሲዬና፣ በዐቢይ ጾም በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ቀን፣ በአንድ ሺህ አምስት መቶ አርባ አንድ ዓመት ተጻፈ።